«አያቴ ለምን እንዲህ አደረገ?»፦ የአንድ የአላባማ ቤተሰብ ጉዳይ

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወላጆቹ አትላንታ ያለውን የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ሊያሳዩት ወስደውታል። ጊዜው 1996 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ፎቶዎቹን አየ። በቦምብ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን። ሰው ላይ የተለቀቁ የፖሊስ ውሾች። ሰልፈኛውን የሚያንከባልል የእሳት አደጋ ውኃ። ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ በዱላ የሚደበደቡ ሰዎች። ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ ፎቶ አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰ አጠር ያለ ሰውዬ የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተገትሮ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ ይከለክላል።

ልጁ ሰውዬውን ያውቀዋል። አያቱ ነው።

ወደ እናቱ ዞረና «አያቴ ለምንድን ነው ሰዎቹን እንዲህ ያደረጋቸው?» አላት።

እናቱ ፔጊ ዋላስ ኬኔዲ ትባላለች። ይህን ታሪክ ከዚያ በኋላ በየአደባባዩ ደጋግማ ተናግራዋለች። የመለሰችለት እንዲህ ብላ ነበር። አያትህ ለምን እንዳደረገው ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ስህተት እንደነበረ ግን አውቃለሁ። ነገሩን ማስተካከል ምናልባት የእኔና የአንተ ድርሻ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ አያትየው ያኔ በሕይወት አለ። ሞንትጎመሪ ነው የሚኖረው። ከሙዚየሙ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። የገዛ ልጁ አርባ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እሷም «ለምን?» የሚለውን ከአፉ አልሰማችም።

ስለ አሜሪካ የዘር መድልዎ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ሕግ፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ንግግር ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ቤት ማውራት ፈለግኩ። ይህ ነገር ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል፣ ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ የት ላይስ እንደሚቆም የዋላስ ቤተሰብ በደንብ ያሳያል።

«አቶ» ብሎ የጠራው ዳኛ

ጆርጅ ዋላስ በ1919 አላባማ ውስጥ፣ ባርበር ካውንቲ ተወለደ። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ዳኛ ሆነ። የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሽማግሌ እንኳ ያለ አክብሮት መጠሪያ በባዶ ስሙ ይጠራ ነበር። ካልሆነም «አንተ ልጅ» ይባላል። «አቶ» የሚለው ለነጭ ብቻ ነው። እኛ በቋንቋችን «አንተ»ና «እርስዎ»ን ለይተን ያደግን ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደሚቆረቁር ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ጄ. ኤል. ቼስትነት የሚባል ጥቁር ጠበቃ ነበር። አንድ ጊዜ ለጥቁር ገበሬዎች ጥብቅና ቆሞ ዋላስ ችሎት ቀረበ። የተከሳሹ ድርጅት ነጭ ጠበቆች ገበሬዎቹን «እነዚህ ሰዎች» እያሉ በንቀት ይናገራሉ። ዋላስ ተቆጣ። «ከሳሾች» ብላችሁ ጥሯቸው አለ። ቼስትነትንም «አቶ ቼስትነት» ብሎ ጠራው። ቼስትነት በችሎት ውስጥ «አቶ» ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ዳኛ ጆርጅ ዋላስ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ መስክሯል።

ታዲያ ይህ ሰው እንዴት የዘረኝነት ባንዲራ ያዥ ሆነ?

በ1958 ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ተቀናቃኙ ጆን ፓተርሰን ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ድጋፍ ነበረው። ዋላስን የደገፈው የጥቁሮች መብት ማኅበር ነው። ዋላስ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የደመደመው ነገር ግልጽ ነው። ዳግመኛ በዘረኝነት የሚበልጠኝ ሰው አይኖርም አለ። በ1962 በዚሁ መንገድ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥር 14 ቀን 1963 ሞንትጎመሪ ባለው የግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ቆሞ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ጥቁርና ነጭን ለይቶ ማኖር ዛሬም፣ ነገም፣ ለዘለዓለምም ይቀጥላል ብሎ ፎከረ። ንግግሩን የጻፈለት ኤሳ ካርተር የሚባል የክላን ሰው ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሰውዬው አላወቀም ማለት አይቻልም። «አቶ» ብሎ መጥራት የሚያውቅ ሰው ነበር። ድምፅ ያስገኝልኛል ብሎ ነው ያንን የተወው። ጥላቻን ከእናቱ ጡት ጋር ከጠባ ሰው ይልቅ፣ አውቆ እንደ ሸቀጥ ያነሳው ሰው ልጆቹን ለማስረዳት ይቸገራል። «እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት» ማለት አይችልማ።

ሰኔ 11 ቀን 1963 ቱስካሉሳ ወደሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በር ላይ ቆመ። ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ ሊመዘገቡ መጥተዋል። ቪቪያን ሃያ ዓመቷ ነው። ከፌዴራል መንግሥት የመጣው ኒኮላስ ካትዘንባክ ዞር በል ቢለው ዋላስ መግለጫ እያነበበ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ የብሔራዊ ዘብ ጄኔራል መጥቶ እንዲነሳ ሲጠይቀው ተነሳ። ተማሪዎቹ ገቡ። ትዕይንቱ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ፎቶው ግን ከዚያ በር ወጥቶ የልጅ ልጁ ዓይን ድረስ ሄደ።

ሦስት ወር እንዳለፈ፣ መስከረም 15 ቀን በርሚንግሃም ከተማ አንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በቦምብ ተመታ። አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ሦስቱ የአሥራ አራት ዓመት፣ አንዷ የአሥራ አንድ። ፔጊ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ናቸው።

የማይወራበት ቤት

በዚያ ቤት የማይነገረው የአባትየው ፖለቲካ ብቻ አልነበረም።

እናትየው ሉርሊን በ1961 የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ሐኪሙ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር አየ። የነገረው ለባሏ ነው። በጊዜው እንዲህ ይደረግ ነበር። ዋላስ ለሚስቱ አልነገራትም። እሷ ያወቀችው ዓመታት ካለፉ በኋላ በ1965 በሽታው ሲወጣ ነው። ሕጉ አንድ አገረ ገዥ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲመረጥ ስለማይፈቅድ በ1966 ዋላስ ሚስቱን አስወዳደረ። ታማም ቢሆን ተወዳደረች። አሸነፈችም። የአላባማ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆነች። ግንቦት 7 ቀን 1968 በአርባ አንድ ዓመቷ ሞተች። ፔጊ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከወር ገደማ በኋላ ለፕሬዚዳንትነት ወደሚያደርገው ቅስቀሳ ተመለሰ። በዚያ ምርጫ አምስት ግዛቶችን አሸነፈ፣ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅም አገኘ።

ለሚስቱ በሽታዋን ያልነገረ ሰው ለልጁ «ለምን»ን ባይነግራት ምን ይገርማል? እኔ የዚህን ቤተሰብ ጉዳይ ሳጠና ደጋግሜ የተመለስኩት እዚህ ዝምታ ላይ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ዘመድ ቤት ቡና ላይ ነን። የካቲት ነው፤ እዚህ አገር ትምህርት ቤቶች የጥቁሮችን ታሪክ የሚያስተምሩበት ወር። የዘመዴ ልጅ የሰልማን ድልድይ በካርቶን ሠርታ አምጥታ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠች። ኮርታበታለች። ድልድዩ ላይ ትንንሽ ሰዎች ለጥፋለች። አንድ ትልቅ ሰው አየት አድርገው «እኛ እኮ ከእነሱ አይደለንም፤ ከእነሱ ጋርም አትግጠሚ» አሏት። ልጅቷ «ለምን?» አለች። ፈንዲሻ ዞረ። «ብሉ እንጂ» ተባለ። ወሬው ተቀየረ። እኔም ዝም አልኩ። የልጅቷ ጥያቄ ግን እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ቀረ።

አፍሪካውያንንና እስያውያንን በኮታ ይገፋ የነበረው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተሻረው ጥቅምት 3 ቀን 1965 ነው። ሰልማ ድልድይ ላይ ሰዎች ከተደበደቡ ሰባት ወር እንኳ አልሞላም። ሁለቱም የአንድ ትግል ፍሬ ናቸው። «ከእነሱ አይደለንም» ያሉት ሰው እዚያ ሳሎን የተቀመጡት እነዚያ ሰዎች በከፈቱት በር ገብተው ነው። ይህን ያኔ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ወደ አላባማ ልመለስ።

ድልድዩና መጋረጃው

መጋቢት 7 ቀን 1965 ስድስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በእግር ተነሱ። ዋላስ ሰልፉ እንዲቆም አዟል። ድልድዩ ኤድመንድ ፔተስ ይባላል። ፔተስ ለባርነት ሲዋጋ የነበረ ጄኔራልና በክላን መሪነት ስሙ የሚነሳ ሰው ነው። ሰልፈኞቹ ድልድዩን እንደተሻገሩ የግዛቱ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ገባባቸው። ከፊት የነበረው የሃያ አምስት ዓመቱ ጆን ሉዊስ ራስ ቅሉ ተሰነጠቀ።

ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሰልፉ ሞንትጎመሪ ደረሰ። መጋቢት 25 ነው። ሃያ አምስት ሺህ ሰው የምክር ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ዋላስ ውስጥ ነበር። አልወጣም። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አጮልቆ ያይ ነበር። በዚያው ጎዳና፣ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ፣ ኪንግ በአገልጋይነት የጀመረበት ቤተ ክርስቲያን አለ። በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ዋላስ ያንን መንገድ ለመጨረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት።

የሆስፒታሉ አልጋ

ግንቦት 15 ቀን 1972 ዋላስ ለፕሬዚዳንትነት ሲቀሰቅስ ሜሪላንድ ውስጥ ሎረል በሚባል ቦታ በጥይት ተመታ። አልሞተም። ከወገቡ በታች ግን ሽባ ሆነ።

ሆስፒታል ሊጠይቁት ከመጡት አንዷ ሸርሊ ቺዝም ናት። የአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አባል። በዚያው ምርጫ ተቀናቃኙ ነች። የራሷ ደጋፊዎች በጣም ተቆጡ። እንዴት እሱን ትጠይቂያለሽ አሏት። እሷ ግን ሄደች። እዚያ አልጋ አጠገብ፣ በእሱ ላይ የደረሰው በማንም ላይ እንዲደርስ እንደማትፈልግ ነገረችው። ዋላስ አለቀሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቺዝም የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሕግ እንዲጠብቃቸው ስትታገል፣ ዋላስ ከደቡብ ግዛቶች ተወካዮች ድምፅ በማሰባሰብ ረዳት። ፔጊ በአባቴ ልብ ውስጥ የአዲስ ጅማሮ ዘር የዘራችው ሸርሊ ቺዝም ናት ትላለች።

ከዚያ በኋላ ዋላስ በዊልቸር የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት እየሄደ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። በ1979 ጆን ሉዊስን አገኘው። ሉዊስ ይቅር አለው። ዋላስን መጥላት የታገሉትን ክፉ ሥርዓት ማስቀጠል እንደሚሆን በኋላ ጽፏል። በ1982 ዋላስ ለአራተኛ ጊዜ አገረ ገዥ ሆኖ ሲመረጥ ብዙ ጥቁሮች መርጠውታል።

ሁሉም ይቅር አላለውም። የሰልማን ሰልፍ የፈቀደው ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ከዋላስ ጋር አብሮ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ዋላስ በአደባባይ ውሸታም ብሎ ሰድቦታል። በ1967 የጆንሰን እናት ቤት በቦምብ ተመትቷል። ጆንሰን «ዋላስ ይቅርታ ከፈለገ ከእግዚአብሔር ይጠይቅ» ማለቱ ይነገራል። እኔ ይህን አልነቅፍም። ይቅርታ የተበደለ ሰው ንብረት ነው። ቢሰጥም የራሱ ነው፣ ቢይዘውም የራሱ ነው።

ንስሐው እውነተኛ ነበር ወይስ ለድምፅ? ይህ ጥያቄ አላባማ ውስጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሠራቸው ነገሮች ከልብ ይመስሉኛል። በ1995 የሰልማ ሰልፍ ሠላሳኛ ዓመት ሲታሰብ በዊልቸር ወጥቶ ሰልፈኞቹን ተቀበለ። ያኔ ምርጫ የለም፣ ሥልጣን የለም፣ ጆሮውም አይሰማ። በ1996 ደግሞ በሚስቱ ስም የተሰየመ የጀግንነት ሽልማት ለቪቪያን ማሎን ሰጠ። በር ላይ ለከለከላት ለዚያች ልጅ። ስህተት እንደነበረ ነገራት።

ዓመቱን አያችሁት? 1996 ነው። የልጅ ልጁ አትላንታ ውስጥ «ለምን?» ያለበት ዓመት ነው። ዋላስ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ ግን ለልጁ ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም። በአደባባይ ያለው ይቅርታ የተበደሉትን ይመለከታል። የቤቱ ግን የሚመጣውን ትውልድ ነው የሚመለከተው። ዋላስ በ1998 ሁለተኛውን ሥራ ሳይሠራ ሞተ። ሥራው ለፔጊ ቀረላት።

ገመና

በእኛ አገር የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። በአላባማም ያው ነው። አባት ምንም ቢሆን አባት ነው ይባላል። ፔጊ አባቷን ትወዳለች። በንግግሮቿ ሁሉ ይህን ትላለች። ግን ደግሞ ጥፋት ሠርቷል ትላለች። ሁለቱን አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ማኖር ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። በቤተሰቡ ውስጥም አንድ ዓይነት መንገድ አልተያዘም። በፖለቲካ የቆየው ወንድሟ ስለ አባቱ መጽሐፍ ጽፏል። አባቱ የተሳለበትን ሥዕል እየሞገተ ስሙን ሲከላከል ኖሯል። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አንዱ ስሙን ማጽዳት ያዘ፣ አንዷ ጥፋቱን መናገር ያዘች። ወንድምየውን ለመረዳት አልቸገርም። ፔጊ የመረጠችው ግን የሚከብደውን ነው።

ፔጊ በ2008 ባራክ ኦባማን ደገፈች። በምርጫው ዋዜማ የጻፈችው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ አልረሳውም። የወላጆቿ መቃብር ላይ ጉዳት ደርሶ ለማስተካከል ሄዳለች። አንዲት አሮጊት መቃብሩን ልታይ መጣች። የዋላስ አድናቂ ናት። ሴትየዋ የፔጊ መኪና ላይ የተለጠፈውን የኦባማ ምልክት አየች። ጥቁር ሰው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር አያለሁ ብዬ አላስብም ነበር፤ አባትሽ መቃብር ውስጥ ሳይገላበጥ አይቀርም አለቻት። ፔጊ አባቷ ቢኖር ኦባማን ሊመርጥ ይችል ነበር ብላ ታስባለች። ያንን ግን ለሴትየዋ አልነገረቻትም። ክንዷን ጨበጥ አደረገቻትና ተለያዩ።

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ምነው አልነገረቻት አልኩ። በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በዚያ ቤት ለዓመታት ዝም ማለት ልማድ ነበር። መቃብር ላይ ለአንዲት ሴትዮ መልስ ባትሰጣትም፣ ነገሩን ወረቀት ላይ አውጥታ አገር እንዲያነበው አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ የዋላስ ቤት ዝምታ ከግቢው ወጣ።

ኩራትን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የሲቪል መብት ትግሉ ታሪክ ዛሬ አላባማን ያኮራታል። ሙዚየሞች አሉ። በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ ሰው ከየአገሩ ሰልማ ይጎርፋል። ፔጊ ግን በዚያ ኩራት ውስጥ በደም የሚደርሳት ድርሻ የላትም። እሷም ይህን አላስመሰለችም። አባቴ በኋላ ተጸጽቷልና ከታጋዮቹ ቍጠሩልኝ አላለችም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባል የለ፣ ዕዳውን ይዛ ነው የሄደችው።

መጋቢት 2009 ሰልማ ሄደች። ደም የፈሰሰበት አርባ አራተኛ ዓመት ሲታሰብ ነው። ድልድዩን የተሻገረችው ከጆን ሉዊስ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። በዚያው በዓል የአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደር እንግዳ ነበር። ወደ መድረክ ሲጋበዝ ለሕዝቡ ያስተዋወቀችው ፔጊ ናት። የሆልደር ባለቤት የቪቪያን ማሎን እህት ናት። ቪቪያን በ2005 አርፋለች፤ ይህን ቀን አላየችም።